የእናቶቻችን ቤትና ገመድ አልባው ደወል
(በተመራቂዎች መገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው የሰጠኝ ርዕስ «አረጋውያንን በቤታቸው መንከባከብ» የሚል ነበር። እኔ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ። ስለ ደም ግፊትና ስለ ስኳር፣ ስለ መውደቅና ስለ ዳሌ ስብራት መናገር እችላለሁ፤ ግን እናንተም ትችላላችሁ። ስለዚህ ያንን ትቼ፣ በቅርብ ዓመታት የሕመምተኛ ቤተሰቦች አብዝተው ስለሚጠይቁኝና በመጽሐፎቻችን ውስጥ ስለሌለ ጉዳይ ልናገር ነው። ስለ ዋይፋይ። እባካችሁ አትሳቁ፤ ወደ ሕክምናው እመለሳለሁ።

ከውጭ የመጣችሁት ሻንጣችሁ ውስጥ ምን እንዳለ አውቃለሁ። ድሮ ቫይታሚንና የደም ግፊት መለኪያ ነበር። አሁን ካሜራ፣ የበር ሴንሰር፣ በስልክ የሚበራ አምፖል፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል የድንገተኛ መጥሪያ ሆኗል። እናት ብቻዋን ናት፣ አባት አንዴ ወድቀዋል፣ ልጆች ቶሮንቶና ዳላስ ናቸው። መሣሪያው ይመጣል፣ የሰፈር ባለሙያ ይገጥመዋል፣ ስልክ ላይ አረንጓዴ ምልክት ይታያል፣ ሁሉም ደስ ብሎት ይተኛል። የእኔ ጥያቄ ያ አረንጓዴ ምልክት ምን ማለት ነው የሚለው ነው። ወደ ቤታቸው የምሄድላቸው አንዳንድ ሕመምተኞቼ ሕይወታቸውን በዚያ ምልክት ላይ ጥለዋል፤ እናቴም እንደዚያው።

እናቴ የምትኖረው ኮልፌ ነው፤ ከአጣና ተራ ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ። ግቢውን ላሳያችሁ፤ ብዙዎቻችሁ ያደጋችሁበትን ስለሚመስል። ከፊት በብሎኬት የተሠራ ዋና ቤት አለ፤ ኮለኑ ውስጥ ፌሮ፣ ላዩ ላይ ቆርቆሮ፣ ከሥሩ ኮርኒስ። ከኋላ ቤተሰቡ መጀመሪያ የኖረበት የጭቃ ቤት አለ፤ አሁን ሰርቪስ ሆኗል። አንደኛው ክፍል ማድ ቤት ነው፤ ምጣዱም ጀበናውም እዚያ ነው፤ በሩ የላሜራ ነው። በሁለቱ መካከል በእርምጃ ስለካው 22 ሜትር ነው፤ መሐል ላይ ውኃ የሞላ ሮቶ ቆሟል። እናቴ ዳሌዋን ተሰብራ ከተሠራላት በኋላ በመደገፊያ ነው የምትሄደው። ሳሎኑ ሶፋ፣ ቴሌቪዥንና ምንጣፍ አለው። እሷ ግን ቀኑን የምታሳልፈው ማድ ቤት፣ በርጩማዋ ላይ ነው። «ሳሎን የእንግዳ ነው» ትላለች። ስለዚህ ደወሉ መሥራት ያለበት ማድ ቤት ነው። ሳሎን ቢሠራ ባይሠራ ለእኔ ግድ የለኝም።

ወንድሜ ከውጭ መሣሪያዎቹን ላከ። መጥሪያው ዚግቢ የሚባለውን የሬዲዮ ቋንቋ የሚናገር ነው። ስሙን ከንብ ጭፈራ እንደወሰዱት ይነገራል፤ አበባ ያገኘች ንብ ወደ ቀፎው ተመልሳ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘች ለጓደኞቿ አቅጣጫ የምታሳይበት ጭፈራ። አስተሳሰቡም የንብ ነው። ዋይፋይ በተለመደው መንገድ ሁሉም በቀጥታ ከአንድ ራውተር ጋር የሚነጋገርበት ነው። ዚግቢ ግን መረብ ይሠራል፤ ሶኬት ላይ የተሰካ መሣሪያ ሁሉ የጎረቤቱን መልእክት ተቀብሎ ያሳልፋል። በትንሽ ባትሪ የሚሠሩት፣ እንደ መጥሪያና የበር ሴንሰር ያሉት፣ አያሳልፉም፤ ባትሪያቸውን ለመቆጠብ አብዛኛውን ጊዜ ይተኛሉ፤ ሲነቁ ቅርባቸው ላለው አሳላፊ ይናገራሉ፣ መልሰው ይተኛሉ።

በእኛ ግቢ መንገዱ እንዲህ ሆነ። የእናቴ ኪስ ውስጥ ያለው መጥሪያ ማድ ቤት ለተሰካው ስማርት ሶኬት ይናገራል፤ ሶኬቱ በረንዳ ላይ ላለው ስማርት አምፖል ያሳልፋል፤ አምፖሉ ኮሪደር ውስጥ ላለው ሌላ ሶኬት፤ እሱ ደግሞ ሳሎን ላለው ዋና ተቀባይ። ከዚያ ደወል ይጮኻል፣ የእኔም ስልክ ይጠራል። በጣም በደንብ ይሠራ ነበር። ሳምንታት ሠራ። ዋናው ተቀባይና ራውተሩ በትንሽ ባትሪ የተደገፉ ስለነበሩ ቤተሰቡ ሁሉ «መብራት ቢጠፋም ይሠራል» ብሎ አመነ።

አንድ ምሽት መብራት ጠፋ። እናቴ ከበርጩማዋ ልትነሳ ስትል ጉልበቷ ከዳትና መሬት ላይ ተቀመጠች። መጥሪያውን ተጫነች። ደገመች። ሠለሰች። ሳሎን ያለው ተቀባይ ነቅቶ ነበር፣ ራውተሩ በርቶ ነበር፣ ኢንተርኔቱም አልተቋረጠም። የጠፉት በመሐል ያሉት ሦስቱ አሳላፊዎች ናቸው፤ ሶኬት፣ አምፖል፣ ሶኬት። እሷ ጨለማ ውስጥ አርባ ደቂቃ ተቀምጣ፣ የጎረቤት ልጅ ክብሪት ልትለምን መጥታ አገኘቻት። አልተጎዳችም፤ ተመስገን። እኔ ተረኛ ነበርኩ፤ ስልኬ ላይ ያ አረንጓዴ ምልክት እንዳለ ነበር።

አሁን ይህን ጉዳይ እንደ ሐኪም እንየው። አይሲዩ ውስጥ የሠራን ሁሉ የምናውቀው ነገር አለ። ሞኒተሩ ላይ መስመሩ ቀጥ ሲል ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፤ ልቡ ቆሟል፣ ወይም ሽቦው ተነቅሏል። ጥሩ ሞኒተር እነዚህን ሁለቱን ለይቶ ይናገራል። ሽቦ ሲነቀል ሌላ ድምፅ ያሰማል፣ «ሽቦው የለም» ብሎ ይጽፋል። ደህና ነው ብሎ ዝም የሚል ሞኒተር ማንም አይገዛም። በየቤቱ የሚገጠሙት መሣሪያዎች ግን ባብዛኛው እንዲህ ናቸው፤ «እናት አልጠራችም» እና «እናት ጠርታ አልተሰማም» ስልካችን ላይ አንድ ዓይነት መልክ አላቸው። እኔ ስለ ሬዲዮ ማንበብ የጀመርኩት በዚህ ምክንያት ነው፤ መሐንዲስ ለመሆን አምሮኝ አይደለም።

እስቲ ከመሠረቱ ልነሳ። የሬዲዮ ጉልበት የሚለካው በዲቢኤም ነው፤ ቁጥሩ ከዜሮ በታች ነው፤ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ይበረታል። ሲቀነስ 50 ጥሩ ነው፤ ሲቀነስ 70 ይሠራል ግን ይደክማል፤ ሲቀነስ 85 ሲደርስ ወሬው ይቆራረጣል። ብዙ ሰው 70 እና 80 መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ይመስለዋል። ለእናንተ ማስረዳት ግን ቀላል ነው፤ ይሄ ፒኤች ነው! ሎጋሪዝም ነው። ፒኤች በ0.3 ሲለወጥ የሃይድሮጅን አዮኑ እጥፍ እንደሚሆነው፣ ሲግናሉም በ3 ዴሲቤል ሲወርድ በግማሽ ይቀንሳል። አስር ዴሲቤል ማለት አስር እጥፍ ነው፤ አንድ ሙሉ የፒኤች ነጥብ። በባዶ ሜዳ ርቀቱን እጥፍ ብታደርጉት 6 ዴሲቤል ታጣላችሁ። ሜዳ ላይ ግን የሚኖር የለም።

ስልኬ ላይ የዋይፋይ ጉልበት የሚያነብ መተግበሪያ ጭኜ ቤቱን ዞርኩት፤ ልክ ዙር እንደምንወጣው፣ አልጋ በአልጋ። ራውተሩ አጠገብ ሲቀነስ 38። ሳሎኑ በር ላይ ሲቀነስ 55። ሮቶው ከኋላዬ ሆኖ ግቢው መሐል ሲቀነስ 68። ማድ ቤት ውስጥ የላሜራው በር ክፍት ሆኖ ሲቀነስ 74፤ በሩ ሲዘጋ ሲቀነስ 86። አንድ በር መዝጋት 12 ዴሲቤል ወሰደ፤ ይህ ወደ አሥራ ስድስት እጥፍ ነው። በፒኤች ቋንቋ ከ7.4 ወደ 6.2 መውረድ ማለት ነው። እንዲህ ያለ በሽተኛ መጥቶላችሁ ያውቃል? ማታ ሲበርድ ደግሞ በሩ ይዘጋል። ይህ ማለት እናቴ ብቻዋን በምትሆንበትና ብርድ በሆነበት ሰዓት ሲግናሉ በጣም ደካማ ነው።

ግድግዳዎቻችንን ማወቅ ይገባናል። ብረት ሬዲዮን ያንጸባርቃል፤ ላሜራና ቆርቆሮ ለሬዲዮ መስታወት ናቸው፣ የሚያልፈው በክፍተትና በመስኮት ብቻ ነው። ውኃ ይውጠዋል፤ ስለዚህ የሞላ ሮቶ ጥላ ይጥላል፤ የሰው አካልም ውኃ ስለሆነ እናቴ መጥሪያውን ኪሷ ውስጥ አድርጋ ፊቷን ወደ ግድግዳ ስታዞር ሲግናሉ ይወርዳል። ባዶ ብሎኬት መካከለኛ ነው። ፌሮ የሞላበት ኮለንና ሶሌታ ይከብደዋል። ደረቅ የጭቃ ግድግዳ ደግሞ ከሚጠበቀው በላይ ደግ ነው፤ እንጨት፣ ጭድና አፈር ነው። ሲርስ ግን ጠባዩ ይለወጣል። የባሕር ማዶ መጽሔቶች ስለ ስማርት ቤት የሚጽፉት ምክር ከእንጨትና ከቀጭን ቦርድ ለተሠራ ቤት ነው፤ «ይህ ራውተር ለዚህን ያህል ካሬ ይበቃል» የሚለውን የካርቶን ላይ ጽሑፍ ለአዲስ አበባ ግቢ እንዳታምኑት።

የሞገዱም ዓይነት ለውጥ ያመጣል። ራውተሮቻችን በ2.4 እና በ5 ጊጋኸርዝ ይናገራሉ። 5 ፈጣን ነው፤ ፊልም ለማየት ግሩም ነው፤ ግድግዳ ግን አይወድም። 2.4 ዝግ ያለ ነው፤ ሩቅ ይሄዳል፤ ለመጥሪያ የሚበቃው ፍጥነት ደግሞ ኢምንት ነው። ችግሩ 2.4 ላይ ሁሉም ሰው መኖሩ ነው። ብሉቱዝ እዚያ ነው፣ ማይክሮዌቭ ምድጃ እዚያ ያፏጫል፣ ዚግቢም እዚያው ነው። ከእኛ ሳሎን ሆኜ 14 የጎረቤት ዋይፋይ ቆጥሬያለሁ፤ ኮንዶሚኒየም የምትኖሩት ከዚህ የባሰ ታያላችሁ።

እዚህ ላይ ገንዘብ የማያስወጣ መድኃኒት አለ። በ2.4 ላይ እርስ በርስ የማይነካኩት የዋይፋይ ቻናሎች ሦስት ብቻ ናቸው፤ 1፣ 6 እና 11። ዚግቢ ከ11 እስከ 26 የሚባሉ የራሱ ቻናሎች አሉት፤ ቁጥሩ ቢመሳሰልም ቦታው ሌላ ነው፣ አትደናገሩ። የራሳችሁን ዋይፋይ በ1 ወይም በ6 ላይ አጽኑትና ዚግቢውን ወደ 25 ውሰዱት፤ የራሳችሁ ሁለቱ መሣሪያዎች አይደማመጡም፣ እንደ ጥሩ ጎረቤት አጥር ይኖራቸዋል። 26 ከሁሉ የራቀው ነው፣ ግን አንዳንድ መሣሪያ አይቀበለውም። ጎረቤት 11 ላይ ከበረታ ደግሞ 15ና 20 ክፍተት ላይ ያሉ ናቸው፤ ሞክሩ። ሌላም አለ፤ የዚግቢው ተቀባይ በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ ዱላ ከሆነ፣ ሰማያዊው የዩኤስቢ 3 መሰኪያ አጠገቡ ያለውን 2.4 በጩኸት ያደነቁረዋል። በአንድ ሁለት ሜትር ማራዘሚያ ገመድ አውጥታችሁ ራቅ አድርጉት። ብዙ ሰው መሣሪያ የሚቀይረው ይህን ሳያውቅ ነው።

አቀማመጥንም ላንሳ። በቤታችን ራውተር የሚቀመጠው የት ነው? ቡፌ ውስጥ! ከቴሌቪዥኑ ጀርባ፣ ከብርጭቆዎቹ መሐል፣ ላዩ ላይ ዳንቴል ተደርጎበት። ከፍ ያለ፣ ገላጣ፣ ወደ ግቢው መስኮት የቀረበ ቦታ ይሻለዋል። አንቴናውን ደግሞ ወደሚፈለገው ቦታ እንደ ጣት የሚቀስሩ አሉ። ዱላ አንቴና የሚናገረው ወደ ጎኑ ነው፤ በጫፉ በኩል ድምፁ በጣም ደካማ ነው። ኢሲጂ ስናነብ ሞገዱ ከሊዱ ጋር ቀጥ ብሎ ሲቋረጥ መስመሩ ጠፍጣፋ እንደሚሆነው አድርጋችሁ አስቡት። ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት፣ ይበቃል።

ሲግናል ማስቀጠያ ስለሚባለው ትንሿ መሣሪያ ብዙ ትጠይቁኛላችሁ። ደካማ ሲግናል በሚደርስበት ቦታ ከሰካችሁት የሚያስቀጥለው ያንኑ ደካማ ወሬ ነው፤ አንድ ሬዲዮ ብቻ ያለው ከሆነ ደግሞ በዚያው ሬዲዮ ሰምቶ በዚያው ስለሚደግም ፍጥነቱ በግማሽ ይወርዳል። ከሁሉ በላይ ግን ሶኬት ላይ የተሰካ ነው። መብራት ሲጠፋ እሱም ይጠፋል።

ይህ የመብራት ነገር ነው ዋናው። መረብ የሚሠሩ መሣሪያዎችን ያሰቡት ሰዎች ሶኬት ሁልጊዜ ይሠራል ብለው ነው የተነሱት፤ ለሚኖሩበት አገር ትክክል ነው። እኛ ጋ መረቡ የቆመበት መሬት ራሱ ይጠፋል። ሌላም የማይጻፍ ነገር አለ፤ እናቶቻችን መብራት ይቆጥባሉ። በረንዳ ላይ ያለው ስማርት አምፖል በስልክ ይጠፋል ብለን ነበር የገጠምነው፤ እናቴ ግን ከመተኛቷ በፊት ግድግዳው ላይ ባለው ማብሪያ ማጥፊያ ቀጭ ታደርገዋለች። አምፖሉ ሲጠፋ አንድ የመረብ ዓይን አብሮ ይበጠሳል። «ምነው ልጄ፣ ሌሊቱን ሙሉ ለማን ሊበራ ነው?» ስትል ልክ ናት። መሣሪያው እሷን መምሰል አለበት እንጂ እሷ መሣሪያውን ልትመስል አይገባም። ስለዚህ አምፖልን አሳላፊ አታድርጉ። ስማርት ሶኬትም ቢሆን ዲቫይደር ላይ አትሰኩት፤ ልብስ ሊተኮስ ሲል አንድ ሰው ይነቅለዋል።

ታዲያ ምን አደረግን? ገመድ ዘረጋን። ገመድ አልባን ለማሻሻል የመጀመሪያው መድኃኒት ገመድ ነው ስል የኢንጂነሪንግ ተመራቂዎቻችን ፈገግ ሲሉ አያለሁ፤ ታውቁታላችሁ ማለት ነው። ከሳሎን እስከ ማድ ቤት በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ፣ መሬት ተቆፍሮ፣ የዳታ ገመድ ተቀበረ። ይህ ገመድ በአንድ ስንዝር እስከ 100 ሜትር የሚሄድ ነው፣ ይቅርታ፣ በአንድ ወጥ ማለቴ ነው፤ እኛ ከ30 ብዙም አላለፍንም። ጥሩነቱ ዳታ ብቻ ሳይሆን ኃይልም አብሮ መላክ መቻሉ ነው፤ በተለመደው ደረጃ ከላኪው በኩል እስከ 15 ዋት ገደማ። ማድ ቤት ከፍ ብሎ ከምጣዱ እንፋሎት በራቀ ቦታ አንድ ትንሽ የዋይፋይ ማሰራጫና ሁለተኛ የዚግቢ ተቀባይ ተሰቀሉ፤ ሁለቱም ኃይላቸውን ከገመዱ ያገኛሉ። የማድ ቤቱ ሶኬት ቢጠፋ ግድ የላቸውም። የእናቴ መጥሪያ አሁን በመሐል ማንም ሳያሳልፍለት አራት ሜትር ላይ ላለ ተቀባይ ይናገራል።

የሚታሰብበት ነገር መብረቅ ነው። የኮልፌን የክረምት ነጎድጓድ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ከቤት ወደ ቤት የተዘረጋ መዳብ በአቅራቢያ መብረቅ ሲወድቅ የኃይል ምት ተሸክሞ መሣሪያ ያቃጥላል። በሁለቱም ጫፍ ከመሬት ጋር የተያያዘ መከላከያ ገጥመናል። ፋይበር ቢሆን ከዚህ ሥጋት ነፃ ነው፤ ግን ፋይበር ኃይል አይሸከምም። እኛ ኃይሉን መረጥን።

ባትሪውን በስሌት ነው የገዛነው። ራውተሩ 8 ዋት፣ ሁለቱ ተቀባዮች አንድ ላይ 4፣ ማሰራጫው 6፤ ድምሩ 18 ዋት። ባለ 12 ቮልት 40 አምፒር ሰዓት ባትሪ በወረቀት ላይ 480 ዋት ሰዓት ነው። የእርሳስ ባትሪን ግን እስከ ጠርዝ ማውረድ ይገድለዋል፤ ግማሹን ብቻ ቁጠሩ፣ 240። ለ18 ብታካፍሉት አሥራ ሦስት ሰዓት ገደማ፤ በየመለወጫው ከሚባክነው ጋር አስር ብላችሁ ያዙት። ሌሊቱን ያሳልፋል። በገበያ ላይ ያለው ትንሹ የራውተር ባትሪ መጥፎ ነው አልልም፤ ግን ባለ 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ በዚሁ ስሌት ሁለት ሰዓት ትንሽ አለፍ ቢል ነው። የእርሳስ ባትሪ ሲሞላ ጋዝ ስለሚያወጣ አየር በሚገባበት ቦታ ይቀመጥ፤ አልጋ ሥር አይደለም።

ወደ አረንጓዴው ምልክት ልመለስ። ሦስት ነገር አደረግን። በመጀመሪያ፣ ውሳኔው ቤት ውስጥ እንዲሆን። ብዙ ርካሽ መሣሪያ እናት መጥሪያ ስትጫን ወሬውን ባሕር ማዶ ላለ ሰርቨር ልኮ፣ ከዚያ ተመልሶ ነው ሳሎን ያለውን ደወል የሚያስጮኸው፤ 22 ሜትር ለመሄድ ውቅያኖስ ይሻገራል። በ2012 ዓ.ም. ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ ለሦስት ሳምንት ያህል በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተዘግቶ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ደወል ሁሉ ጌጥ ነበር። እንደ ሆም አሲስታንት ያሉ፣ በትንሽ ኮምፒውተር ላይ ቤት ውስጥ የሚሠሩ፣ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ፤ ኢንተርኔት ኖረም አልኖረም ደወሉ ይጮኻል። የእኔ ስልክ ሁለተኛ ነው፤ እኔ ከጥቁር አንበሳ ኮልፌ እስክደርስ ትራፊኩን ታውቁታላችሁ። ቀድሞ መስማት ያለበት ጎረቤት ነው፤ ስለዚህ አንዱ ደወል አጥሩን አልፎ ጎረቤታችን ቤት ነው የተሰቀለው። እሳቸውን ቡና ጠጥተን ነው የጠየቅናቸው፤ «ደግ፣ ግን ሌሊት በድመት እንዳትቀሰቅሱኝ» ብለዋል።

ሁለተኛው፣ ዝምታ ራሱ እንዲጮህ። ተቀባዮቹ፣ ማሰራጫውና የባትሪው መለኪያ በየደቂቃው «አለሁ» ይላሉ፤ አንዱ ለአምስት ደቂቃ ዝም ካለ ምልክቱ ቢጫ ይሆናል፣ ለእኔና ለወንድሜ መልእክት ይመጣል። ሳሎን ያለው ትንሹ ኮምፒውተር ራሱ ከሞተስ? ለዚያ ወንድሜ ጋ ያለ ሌላ መሣሪያ እሱን ይጠብቃል። መጥሪያው ግን ተኝቶ የሚውል ስለሆነ ከብዙ ሰዓት በኋላ ነው አንዴ የሚነቃው፤ በእሱ «አለሁ» ብቻ መተማመን አይቻልም። ስለዚህ እሑድ እሑድ ቡና ሲቀርብ እናቴ ራሷ ትጫነዋለች፤ የላሜራው በር ተዘግቶ። ደወሉ ይጮኻል፣ ጎረቤታችን «ሰምቻለሁ!» ብለው በአጥር ይመልሳሉ፣ ቡናው ይቀጥላል። በወሩ መጀመሪያ ደግሞ ቆጣሪውን አጥፍተን ነው የምንሞክረው። መብራት በርቶ የተሞከረ የድንገተኛ ደወል አልተሞከረም ባይ ነኝ።

ሦስተኛው ለእናንተ አዲስ አይደለም፤ የውሸት ጩኸት መቀነስ። አይሲዩ ውስጥ ሞኒተር ሲበዛ ጆሮ እንደሚደነዝዝ ሁላችን አይተናል። ወንድሜ የላከው የእንቅስቃሴ ሴንሰር ለድመቷም ይጮህ ነበር፤ በሁለተኛው ሳምንት ማንም ስልኩን አያይም። አነሳነው። አሁን የሚጮኸው መጥሪያው ብቻ ነው።

አንድ ሌላ መንገድም ጨምረናል፤ መርካቶ የሚሸጠው ተራ ገመድ አልባ የበር ደወል፣ በ433 ሜጋኸርዝ የሚሠራው። ሞገዱ 70 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የ2.4 ጊጋኸርዙ 12.5 ነው። ረጅሙ ሞገድ እንቅፋትን ይሻላል። ኢንተርኔት፣ መረብ፣ ስልክ አያውቅም፤ ሲጫኑት ይጮኻል፣ አለቀ። ጉድለቱ ላኪው መልስ አለመስማቱ ነው፤ ደርሷል ወይስ አልደረሰም አያውቅም። ለብቻው አላምነውም፣ ለደባልነት ግን እወደዋለሁ። መጥሪያውን በርጩማዋ አጠገብ ግድግዳ ላይ ዝቅ አድርገን ነው የለጠፍነው፤ መሬት ላይ የተቀመጠ ሰው እጅ በሚደርስበት ከፍታ። ይህን የመዳረሻ ከፍታ ነገር እባካችሁ ልብ በሉት፤ በየሄድኩበት ቤት የመጸዳጃ ቤት መጥሪያ የቆመ ሰው ትከሻ ላይ ነው የሚሰቀለው።

ሐኪም ስለሆንኩ ሁለት ነገር አጥብቄ ልከልክል። አንደኛ፣ የኦክስጅን ኮንሰንትሬተር በስማርት ሶኬት በኩል አይሰካ። ስንት ዋት እንደሚስብ ለማየት ብለው የሚያደርጉ ልጆች አሉ። ሶኬቱ ከመብራት መጥፋት በኋላ «ዝጋ» ብሎ ሊነሳ ይችላል፤ አንድ ሰው ከሌላ አገር በስህተት ጣቱን ሊነካ ይችላል። ባለ አምስት ሊትሩ ማሽን ወደ 300 ዋት አካባቢ ስለሚፈልግ ከላይ ያሰላሁት ባትሪ አንድ ሰዓትም አይዘልቅለትም፤ ለእሱ የሚሞላ ሲሊንደር በቤት ይኑር። ሁለተኛ፣ ካሜራ። እናቴ አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየችውና «እኔን ልትጠብቂ ነው ወይስ ልትሰልዪ?» አለችኝ። ነጠላዋን አነሳችና ሸፈነችው። ወንድሜ ደጋግሞ ጠየቀ፤ እኔ ከእሷ ጋር ነኝ። ፈቃድ የምንጠይቀው ለቀዶ ሕክምና ብቻ አይደለም። በዚያ ላይ ካሜራ የሚበላው የሬዲዮ ቦታ ለመጥሪያው የሚያስፈልገውን ብዙ ሺህ እጥፍ ነው፤ ይህን ክርክር ለወንድሜ አቅርቤ ነው የረታሁት።

ከውጭ ለምትመጡት፣ ሻንጣ ከመዝጋታችሁ በፊት ወደ ቤት ደውሉና ሦስት ነገር ጠይቁ። እማዬ ቀኑን የምትውለው የት ነው? በሩ ከምን የተሠራ ነው? መብራት ሲጠፋ የትኞቹ መሣሪያዎች አብረው ይጠፋሉ? መልሱን ሳታገኙ አምስተኛ ካሜራ አትግዙ፤ በዚያ ገንዘብ 30 ሜትር ገመድና ባትሪ ይገዛል።

የኢንጂነሪንግ መምህሮቻችን እዚህ ስላላችሁ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ለመመረቂያ ሥራ ርዕስ የሚፈልጉ ተማሪዎች ካሏችሁ ላኩልኝ። የጭቃ ግድግዳ፣ የብሎኬት፣ የቆርቆሮ፣ የላሜራ በር ስንት ዴሲቤል እንደሚወስዱ በየሰፈሩ ቤት እየገቡ ይለኩልን፤ ልኬቱን ሐኪሞች ለቤተሰብ ምክር ስንሰጥ እንጠቀምበታለን። እኔ የአንድ ግቢ ቁጥር ነው ያለኝ፤ እሱም በበጋ የተለካ ነው። የጭቃው ግድግዳ ሲርስ ከአራቱ ሜትር ላይ ምን እንደሚቀር ነሐሴ ላይ ስልኬን ይዤ እንደገና እዞራለሁ፤ መምጣት የሚፈልግ ቦት ጫማ ይያዝ። ቡናውን እናቴ ታፈላለች።